ግራ በሬያችን የተሰረቀ ዓመት

በሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አሥር ነው የሚል ዘመድ አለኝ፤ እናቴ ዘጠኝ ስላለች ዘጠኝ ነው።

ባለፈው ኅዳር ቡሬ ወርጄ በአንድ ዘይት መጭመቂያ ደጅ ሳልፍ የኑግ ዘይትና ጥላሸት ባንድነት ሸተተኝ። ቆምሁ። ልጄ፣ «ምነው አባባ፣ ደከመዎት?» አለኝ።

«አልደከመኝም፤ በሬ ትዝ ብሎኝ ነው» አልሁት።

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ያን ዓመት እኛ ቤት የሳቀ ሰው ብዙ አልነበረም።

ቤታችን ከማንኩሳ ወደ ቡሬ ሲኬድ ከመንገዱ ገባ ብሎ ነው። አባቴ ሲሞት ሁለት በሬ ትቶልን ነበር፤ አንዱን ለተዝካሩ አረድነው፤ ቦራ ብቻ ቀረን። ቦራ መላ አካሉ ጥቁር ነው፤ ግንባሩ ላይ ግን የእጅ መዳፍ የሚያህል ነጭ አለው። አንድ በሬ ደግሞ አያርስም። ስለዚህ እናቴ ከጎረቤታችን ከአያ አበጀ ጋር ተቀናጀች። እርሳቸውም አንድ በሬ ብቻ ነበራቸው፤ ዳልቻ ይባላል። ሁለቱን በአንድ ቀንበር እየጠመዱ አንድ ቀን የእኛን፣ አንድ ቀን የራሳቸውን ያርሳሉ። እናቴ በፋንታው አረማቸውን ታርማለች፣ አጨዳቸውን ታጭዳለች። መቀናጆ ማለት ይኸው ነው።

አንድ ነገር ግን ይታወቅልኝ። በሬ ሲገራ በየትኛው ወገን እንደ ተጠመደ ዕድሜውን ሙሉ በዚያው ወገን ነው። ቦራ የግራ በሬ ነበር። በቀኝ ብታቆመው ዞሮ ወደ ግራው ይገባል፤ ብትገርፈውም ዞሮ ይገባል። ዳልቻ የቀኝ ነው። ባለ አንድ በሬ የሆነው የአገራችን ሰው ሁሉ ተቀናጅቶ አልቋል። ቦራ ከዳልቻ በቀር የቀኝ ጓደኛ አልነበረውም።

አያ አበጀ ቀን ላይ በሬዎቹን ፈትተው ሲያርፉ እኔ ምሳቸውን አደርስላቸዋለሁ። እየበሉ የድሮ ወሬ ያወሩልኛል። አንድ ቀን ስለ ቁራኛ ነገሩኝ። በጥንት ጊዜ ከሳሽና ተከሳሽ የኩታቸው ጫፍ ከጫፍ ይታሰርና አብረው ዳኛ ዘንድ ይሄዳሉ አሉኝ።

«ዳኛው ሩቅ ቢሆንስ?»

«አብረው ይሄዳሉ።»

«ማታስ?»

«አብረው ይተኛሉ። አብረው ይበላሉ። ፍርድ እስኪወጣ አይፈቱም።»

«አሁንም እንዲያ ነው?»

«ደግ ዳኛ ሲጠፋ ምን ይታወቃል!» ብለው ሳቁ። ሳቃቸውን ልብ አላልሁትም። አሁንም እንዲያ ነው ብዬ ያዝሁ።

ቦራ የጠፋው ሚያዝያ ላይ ነው። በአጥቢያችን አንድ ሽማግሌ ሞተው ሰው ሁሉ ለቅሶ ወጥቶ ነበር። ስንመለስ ገመዱ ከችካሉ ተቆርጦ አገኘነው። እናቴ ገመዱን አንሥታ የተቆረጠበትን አየችና፣ «በቢላዋ ነው» አለች።

አያ አበጀ ገደል ለገደል ዞሩ። የበኩር ልጃቸው ጥላዬም አብሯቸው ዞረ። ጥላዬ ያን ጊዜ ጢሙ ማቆጥቆጥ የጀመረ ጎረምሳ ነው። ምንሽር ጠመንጃ እገዛለሁ እያለ ነጋ ጠባ አባቱን ይነዘንዝ ነበር። ሦስት ቀን ሲፈልጉ ሰንብተው ጥላዬ፣ «ደምበጫ አጎቴ ዘንድ ሠርግ አለ» ብሎ ሄደ።

እሑድ እናቴ ግዝት አስወጣች። መምሬ ይስማው የነፍስ አባታችን ናቸው፤ ፊደል ያስቆጠሩኝም እርሳቸው ናቸው። ቅዳሴ ሲወጣ በደጀ ሰላሙ ቆመው፣ «የአያልነሽን በሬ የሰረቀ፣ ሲሰረቅ ያየ፣ ሌባውን አውቆ የሸሸገ፣ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ የተገዘተ ይሁን» አሉ።

እናቴ ከሴቶቹ መካከል ሆና፣ «ዘመዴ ነው፣ ጎረቤቴ ነው ብሎ የሸሸገም ይበሉልኝ፣ አባ» አለች።

«ይበቃል እንጂ፣ አያልነሽ። ሁሉም ገብቶበታል።»

«ይጨምሩበት።»

ጨመሩበት። እኔ ግዝት ማለት ሆድ የሚያሳብጥ ነገር ይመስለኝ ነበር። ተገዝቶ የዋሸ ሰው ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ይሞታል ሲሉ ሰምቻለሁ። እሰይ፣ ሌባው ይነፋ አልሁ።

ከዚያ እናቴ ገበያ ለገበያ መዞር ጀመረች። «በሬ ቅጠል አይደለም፤ የሰረቀው ያወጣዋል» ትላለች። ማንኩሳ ሄደች፤ የለም። በሚቀጥለው የቡሬ ገበያ ቀን እኔንም ይዛኝ ሌሊት ወጥተን ፀሐይ ሞቅ ሲል ደረስን።

የቡሬ የከብት ገበያ አቧራው ከሰው በላይ ነው። ከከብቱ እግር መካከል እየተሽሎከለክሁ ሳይ አንድ ጥቁር በሬ አየሁ። ቦራን ይመስላል፤ ግንባሩ ግን ጥቁር ነው። ቀረብሁ። የኑግ ዘይት ሸተተኝ። በሬው አየኝና አፍንጫውን ወደ እኔ ሰደደ። ገመዱን የያዘውን ሰው ቀና ብዬ ሳይ ጥላዬ ነው።

እናቴ ከኋላዬ ደርሳለች። ተያዩ። ጥላዬ ገመዱን ለቀቀና በሰዉ መካከል ሹልክ ብሎ ጠፋ። እናቴ አልጮኸችም። ሌባ ብትል የቡሬ ሰው በዱላ ይጨርሰው ነበር። ጎንበስ ብላ ገመዱን አነሣች፤ ነጠላዋን ሰብስባ የቦራን ግንባር ጠረገችው። ጥላሸቱ ከነዘይቱ ወደ ነጠላዋ ወጣ፤ ነጩ ብቅ አለ።

ከገበያው መውጫ ላይ አንድ ዘበኛ አስቆመን።

«ሴትዮ፣ ወዴት ነው?»

«ወደ ቤቴ።»

«በሬው የማን ነው?»

«የእኔ። ተሰርቆብኝ አሁን አገኘሁት።»

«ሁሉም የእኔ ይላል። ትናንት አንዱ የራሱን ሚስት በግ የእኔ ነው ብሎ ሲነዳ ይዣለሁ።» በዙሪያው የቆሙት ሳቁ።

«ይኸ የግራ በሬ ነው» አለች እናቴ። «ከማንም በሬ ጎን በቀኝ አቁመው። ዞሮ ግራውን ካልያዘ የእኔ አይደለም፤ ውሰደው።»

አንድ ገበሬ በሬውን አቀረበ። ቦራን በቀኙ አቆሙት። ቦራ እንደ መቆም አለ፤ ጅራቱን ወዘወዘ። ከዚያ በዚያኛው በሬ ፊት ዞሮ ሄዶ በግራው ቆመ። መልሰው በቀኝ አቆሙት፤ እንደገና ዞረ። ሰዉ አጨበጨበ።

ዘበኛው ሳቀና፣ «ሂጂ» አላት። ወዲያው ደግሞ ጠራት። «ቆይ፤ ሌባውን አይተሽዋል?»

«ሲሄድ ጀርባውን አየሁ» አለች።

«ካወቅሽው መጥተሽ ክሰሺ። ንብረትሽን አገኘሁ ብለሽ ሌባ ብትሸሽጊ አንቺም ግብረ አበር ነሽ። ለአጥቢያችሁ ዳኛም እልካለሁ።»

መንገዱን ግማሽ ያህል ሄድን። ከዚያ ሳትዞር፣ «ሞገስ» አለችኝ።

«እመት።»

«ምን አየህ?»

«ጥላዬን።»

«እስክነግርህ አፍህን ያዝ።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አውቆ የሸሸገ፣ ጎረቤቴ ነው ብሎ የሸሸገ ያስባለችው ራሷ ናት። አሁን የሸሸግነው እኛ ነን። ሆዴን ያዝሁ።

ቤት ስንደርስ ጎረቤት ሁሉ መጣ። እልልታው ቀለጠ። አያ አበጀ እየሮጡ መጥተው ቦራን አንገቱን አቅፈው ሳሙት፤ ከኪሳቸው ጨው አውጥተው አላሱት። ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር።

«ማነው? ማነው ሌባው?» አሉ።

«ገበያ ላይ ቆሞ አገኘሁት፣ አያ አበጀ።»

«ብቻውን አይቆም! ስሙን ንገሪኝና ራሴ አስሬ ፍኖተ ሰላም ወህኒ አደርሰዋለሁ። የመበለት በሬ! ይኸ ሰው ነው? ከጅብ አይብስም?»

እናቴ ነጠላዋን አጣጥፋ ጥላሸቱን ወደ ውስጥ መለሰችው። እኔ የአያ አበጀን ፊት ማየት አቃተኝ፤ የቦራን ሰኮና አያለሁ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀኖች ክፉ ነበሩ። ጠዋት ስነሣ አስቀድሜ ሆዴን ነው የምለካው። በመቀነት እለካለሁ። አንድ ቀን ባቄላ በልቼ ተነፍቶ አገኘሁትና አለቀልኝ ብዬ አለቀስሁ። እናቴ፣ «ምን ሆንህ?» ስትለኝ፣ «ቁርጠት» አልሁ። እርሷም ብትሆን ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ከቅጥሩ ውጭ ነው የምትቆመው። አትሳለምም። ሰው ሲጠይቃት እግሬን አሞኛል ትላለች፤ እግሯ ግን ደህና ነው።

የአጥቢያው ዳኛ አንድ ነጭ ለባሽ የአገር ጠባቂ ላከ። ጠመንጃውን እንዳነገተ ደጃችን ቆመና፣ «ከቡሬ መልእክት መጥቷል። ሌባውን ታውቂው እንደሆነ ሳምንት ሳይሞላ ቅረቢ ብለዋል ጌታዬ» አለ።

«እሺ» አለች።

«እሺ ምን? ታውቂዋለሽ?»

«ሳምንት አልሞላም» አለችው። ጠላ ሰጠችው፤ ጠጥቶ ሄደ።

እኔን ከዳኛው ይልቅ ያስፈራኝ ቁራኛው ነው። ብትከስ የነጠላዋ ጫፍ ከጥላዬ ጋቢ ይታሰራል፤ አብረው ፍኖተ ሰላም ይሄዳሉ፤ አብረው ይተኛሉ፤ ፍርድ እስኪወጣ አትመለስም። እኔን ማን ያበላኛል? ቦራንስ ማን ያስገባዋል? ባትከስ ደግሞ ሆዳችን ይነፋል። ሁለቱንም ሳስብ እውላለሁ። ለማን ይነገራል?

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መምሬ ይስማው መጡ። በአጥራችን ጥላ ሥር ተቀመጡ።

«አያልነሽ፣ ከቅጥር ውጭ መቆም የጀመርሽው በምን ነው?»

«አባ፣ አንድ ሰው ሌባውን ቢያውቅ፣ ግዝቱ እንዳይደርስበት ለማን ይናገር? ለዳኛ ነው ወይስ ለሌባው አባት?»

«ለአባት? የሌባው አባት ማን ነ…» ካሉ በኋላ እጃቸውን አነሡ። «ቆይ ቆይ! በንስሐ ነው ወይስ በጨዋታ?»

«በጨዋታ።»

«እንግዲያስ ዝም በይ! ልትነግሪኝና እኔንም ሊይዘኝ! በገዛ ግዝቴ ልታስሪኝ ነው?» መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡ። ደጃፉ ላይ ግን ዞር አሉና ዝግ ባለ ድምፅ፣ «እኔ የገዘትሁት የሸሸገ ብዬ ነው። ያልከሰሰ አላልሁም። ይጨምሩ ስትዪኝም ይህን አላስጨመርሽኝም» ብለው ሄዱ።

እናቴ እርሳቸው ከሄዱ በኋላ ብዙ ተቀመጠች። እኔ አልገባኝም። መምሬም ፈሩ ብዬ ነው ያሰብሁ።

የዳኛው ሳምንት ሳይሞላ ግንቦት ገባ፤ የመጀመሪያው ዝናብ ጣለ። መሬቱ ሸተተ። ሰው ሁሉ ሞፈሩን ያወጣል፤ አያ አበጀ፣ «ከነገ ወዲያ የአንቺን እንጀምራለን፣ አያል» ብለው ላኩ። በዚያው ሰሞን ጥላዬ ከደምበጫ ተመለሰ።

ውሃ ልቀዳ ወንዝ ስወርድ መንገድ ላይ ጠበቀኝ። ሸንኮራ ይዟል።

«ሞጌ፣ ናማ።»

ቆምሁ።

«ቡሬ ገበያ ደስ ይላል አሉ።»

«ማን አለ?»

«ሰው።» ሸንኮራውን ሰበረና ትልቁን ሰጠኝ። «እናትህ ብልህ ናት። ብልህ ሰው ያየውን ሁሉ አያወራም። ቢያወራ… ዳልቻ የአባቴ ነው። ቦራ ብቻውን ቀንበር አይሸከምም። ንገራት።»

ሸንኮራውን ተቀበልሁ። አልበላሁትም። ለእናቴ አምጥቼ እጇ ላይ አስቀመጥሁና ያለኝን ቃል በቃል ነገርኋት። ሸንኮራውን አገላበጠችው። ከዚያ ጥላሸት የነካውን ነጠላ ከተሰቀለበት አወረደችና ለበሰችው። ጥላሸቱን ወደ ውጭ አድርጋ ነው የለበሰችው።

«ተከተለኝ» አለችኝ።

ቀን ነው፤ ፀሐይ አለ። አያ አበጀ ደጃቸው ላይ ሞፈሩን ከቀንበሩ የሚያስሩበትን ምራን በውሃ ነክረው ያለሰልሳሉ። ሚስታቸው እታለም ስንዱ በርበሬ ትለቅማለች። ጥላዬ በግድግዳው ተደግፎ ተቀምጧል፤ ሲያየን እግሩን ሰበሰበ።

«ግቢ እንጂ፣ አያል! ተቀመጪ።»

«አልቀመጥም፣ አያ አበጀ። ነጠላዬን ላሳጥብ ነው የመጣሁ።»

አያ አበጀ ሳቁ። «ወንዝ አጣሽ?»

«በወንዝ አልለቅ አለኝ። ከወጣበት ቤት ካልታጠበ አይለቅም።»

አያ አበጀ ምራኑን አስቀመጡ። እታለም ስንዱ ተነሥታ መጣችና የነጠላውን ጫፍ አሸተተች።

«የኑግ ዘይት ነው» አለች። ወደ ጥላዬ ዞረች። «አንተ! ድመቷ የዘይት ማሰሮዬን ሰበረችው ያልኸኝ…»

«አያል» አሉ አያ አበጀ። ድምፃቸው የሌላ ሰው ድምፅ ሆኗል። «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነው። ቡሬ ላይ ለዘበኛው ጀርባውን አየሁ ብለሻል አሉ፤ ጀርባው የማን ነበር?»

«ጀርባ ያልሁት ለዘበኛው ነው። ለእርስዎ ግን ፊቱን ነው ያየሁ።» በአገጯ ወደ ጥላዬ አመለከተች።

ጥላዬ አልካደም፤ መሬት መሬት ያያል። አያ አበጀ ሄደው ጋቢውን ያዙ፤ የራሳቸውን ጋቢ ጫፍ ከእርሱ ጫፍ ጋር አሰሩ። ጠበቅ አድርገው አሰሩት።

«ተነሥ። ፍኖተ ሰላም እንሄዳለን። አያል፣ አንቺ አትድከሚ፤ እኔ ቁራኛው ነኝ። ሌባ ማነው ስል ነበር፤ ጅብ ነው ስል ነበር።»

እታለም ስንዱ እናቴ እግር ላይ ወደቀች። እኔ በልቤ ይሂድ፣ ይሂድ እላለሁ። የታሰሩት እርሳቸው ናቸው፤ እናቴ አይደለችም። እፎይ አልሁ።

እናቴ ሰማዩን አየች። በቡሬ በኩል ደመና አለ። በረቱ ደጅ የቆመውን ዳልቻን አየች።

«ጋቢዎን ይፍቱ፣ አያ አበጀ» አለች።

«አልፈታም።»

«ከሳሽ ማነው?»

«አንቺ ነሻ።»

«ከሳሽ እኔ ከሆንሁ ቀን የምቆርጠውም እኔ ነኝ። ፍርድ ይጠብቃል፤ ዝናብ አይጠብቅም።» ጥላዬን አየችው። «ስማ። አልከሰስሁህም፤ ለዳኛውም ዛሬ አልከስም እለዋለሁ። አልማርሁህም ደግሞ። አያልነሽ ይቅር አለች ብሎ የሚያወራ ቢኖር ውሸታም ነው። ክረምቱን የእኔን መሬት የምታርሰው አንተ ነህ፤ አባትህ አይደሉም። ጎሕ ሲቀድ ደጄ መጥተህ ቦራን ከእጄ ትቀበላለህ፤ ማታ በእጄ ታስረክባለህ። አንድ ቀን የቀረህ እንደሆነ ያን ዕለት ፍኖተ ሰላም ነኝ። እሑድ ደግሞ ደጀ ሰላም ቆመህ እኔ ነኝ ትላለህ፤ ግዝቱን ራስህ አስፈታ።»

«በሰው ፊት?» አለ ጥላዬ።

«በሬው ሲሰረቅ ሰው አልነበረም። ሲመለስ ይኑር።»

አያ አበጀ ቋጠሮውን ሊፈቱ ሞከሩ። እምቢ አላቸው። ኋላ በጥርሳቸው ፈቱት።

እኔ ብሆን እከስ ነበር። እስከ ዛሬ ይህን ነው የምል። ማታ ራት ላይም አልሁ።

«እማ፣ ነገ ይዞት ቢጠፋስ?»

«አይጠፋም።»

«ቢጠፋስ?»

«ኤዲያ! እንጀራህን ብላ።»

በማግሥቱ ከእናቴ ቀድሜ ተነሣሁ። ሆዴን ለካሁ፤ ደህና ነው። ጥላሸት የነካውን ነጠላ ከተሰቀለበት አወረድሁ። አንዱን ጫፍ ከቦራ ገመድ ጋር አሰርሁት፤ ሌላውን በወገቤ አዙሬ ቋጠርሁ። ቋጠሮውን በውሃ አርሼ አጠበቅሁት፤ አያ አበጀ ምራን ሲያስሩ እንዲያ ያደርጋሉ።

ጎሕ ሲቀድ ጥላዬ ዳልቻን እየነዳ መጣ። ቀንበሩን በትከሻው ይዟል። እናቴ ገመዱን ሰጠችው። ተቀበለና ነጠላውን አየ፤ ዓይኑ በነጠላው ሄዶ ሄዶ እኔ ላይ አረፈ።

«ይኸ ምንድን ነው?»

«ቁራኛ ነው።»

«ከእኔ ጋር?»

«ከቦራ ጋር።»

ጎንበስ ብሎ ቋጠሮውን ሊፈታ ጀመረ። እጁን ገፋሁት። «አይፈታም» አልሁ። ወደ እናቴ ቀና አለ፤ እናቴ በሩ ላይ ቆማ ታየናለች።

ጥላዬ ቋጠሮውን ተወው። «እንግዲያስ በግራ በኩል ሂድ፤ እንዳይረግጥህ» አለኝ።

በግራ በኩል ሄድሁ። ቀን ላይ እስኪፈታቸው ድረስ ከቦራ ጎን ትልም ለትልም ተመላለስሁ።